ማሽኑ ነው ወይስ ላብራቶሪው የዋሸው?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ቤት ውስጥ ጣት ተወግቶ ስለሚለካበት የስኳር ማሽን ናቸው። ሰው ተጠራጥሯል፣ አልፈርድበትም። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ደም ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ማሽን በቦርሳው ይዞ መጥቶ «ይሄው እይው፣ አታለለኝ» የሚለኝ ታካሚ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ይህንኑ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ካገኛት 9 ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በባዶ ሆዷ ለካኋት፣ 171 አለ። የዚያኑ ቀን ቀጠሮ ስለነበራት ይዣት ሄድኩ፣ 3 ሰዓት ላይ ደም ተቀዳች፣ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ 148 ሆኖ መጣ። በ23 ይለያያል! ማሽኑን ልጣለው ወይስ የተሳሳተው ላብራቶሪው ነው? እሷማ «ይሄ ነገር በከንቱ ጣቴን ይወጋኛል» ብላ መለካት አቁማለች። (ከጉለሌ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትጣለው። እናትህንም አባብለህ ዛሬውኑ ወደ መለካቱ መልሳት።

ያወዳደርከው ሁለት የተለያየ ደም ነው። አንዱ የ12 ሰዓት፣ ሌላው የ3 ሰዓት። በመሃል እናትህ ለባብሳለች፣ ታክሲ ተጋፍታለች፣ ወረፋ ቆማለች። ቁርስ ባትቀምስም ጉበቷ ስኳር ወደ ደሟ ይለቃል፣ ጡንቻዋ ደግሞ ይወስዳል። ስኳር ሦስት ሰዓት ሙሉ ባለበት ቆሞ አይጠብቅም።

ቀጥሎ ያለው የኛ የላብራቶሪ ሰዎች ገመና ነው፣ ብዙ ታካሚ አያውቀውም። ደም ቲዩብ ውስጥ ከገባ በኋላም ሴሎቹ ሕይወት አላቸው፣ ስኳሩን መብላት አያቆሙም። ደሙ ሳይሽከረከር፣ ማለትም ሴሉ ከፈሳሹ ሳይለይ፣ በክፍል ሙቀት ከተቀመጠ ስኳሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። የእናትህ ቲዩብ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ከሆነ 148 የተባለው ነገር ሲቀዳ 165 ገደማ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ከ171 ጋር ያለው ጠብ የት ገባ? ግራጫ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለ፣ ሴሎቹን ያስቆማል፣ ግን እሱም ሥራውን የሚይዘው ቀስ ብሎ ስለሆነ የመጀመሪያውን የአንድ የሁለት ሰዓት ቅናሽ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። መፍትሔው ቶሎ ማሽከርከር ነው። ስም አልጠራም እንጂ ቲዩቦች ሴንትሪፉጁ፣ ማለትም ማሽከርከሪያው፣ እስኪሞላ ድረስ ተደርድረው ሲጠብቁ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወረፋ ሲበዛ እኔም ራሴ አስጠብቄያለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ልዩነት ይኖራል። ማሽኖቹ ሲሠሩም የተፈቀደላቸው ስህተት አለ፣ ልኩን ስትሰማ ትገረም ይሆናል። አይኤስኦ 15197 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ተሻሽሎ የወጣው እትም እንደሚለው ከ100 ልኬት 95ቱ፣ ስኳሩ 100ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከላብራቶሪው በ15 በመቶ ወዲያና ወዲህ፣ ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ በ15 ሚሊግራም ወዲያና ወዲህ ውስጥ መውደቅ አለባቸው። ከሱ በፊት በነበረው የ2003 እትም እስከ 20 በመቶ ድረስ ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ላብራቶሪው 148 ካለ ማሽኑ ከ126 እስከ 170 ድረስ ቢል «አልፏል» ይባላል። ያንተው 171 ከመስመሩ የወጣው በአንድ ቁጥር ነው። ለአንድ ቁጥር ፍርድ ቤት አይኬድም።

ማሽኑን በእውነት መፈተን ከፈለግክ እንዲህ አድርግ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ማሽኑን ይዘህ ሂድ። እናትህ በባዶ ሆዷ ትሁን፣ ይሄ ዋና ነገር ነው፣ ምክንያቱም ምግብ ከተበላ በኋላ የጣት ደም ከክንድ ደም ስር ደም በላይ ስኳር ስለሚይዝ ንጽጽሩ ያኔ ፍርደ ገምድል ይሆናል። ደም ከመቀዳቷ በፊት ወይም እንደተቀዳች፣ በአምስት በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ እጇን ታጥባ ጣቷን ለካት። ከሲሪንጁ ጠብታ ለምነህ ስትሪፑ ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ተሰክቶ ደም የሚነካው ቀጭን ቁራጭ ላይ፣ አታድርግ፣ ብዙዎቹ ስትሪፖች የተሠሩት ለጣት ደም ነው። ባለሙያውንም «ቶሎ ይሽከረከርልኛል ወይ?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ፣ ጥያቄው ያስከብርሃል እንጂ አያስቆጣም። ከዚያ ከማሽኑና ከላብራቶሪው ቁጥር ትንሹን ከትልቁ ላይ ቀንስ፣ የቀረውን ለላብራቶሪው ቁጥር አካፍል፣ በ100 አባዛ። ከ15 በታች ከሆነ እፎይ በል። ከበለጠም በአንድ ቀን አትፍረድ፣ ደረጃው ራሱ ከመቶ አምስቱን ይምራል። በሌላ ቀጠሮ ድገመው። ሁለቴም ሦስቴም ወደ አንድ አቅጣጫ እየራቀ ከሄደ ግን ያኔ ማሽኑን ወይም ስትሪፑን ቀይር።

ኮንትሮል ሶሉሽን የሚባል ትንሽ ብልቃጥም አለ፣ የስኳሩ መጠን ቀድሞ የታወቀ ፈሳሽ ነው። እንደ ደም ስትሪፑ ላይ ይደረግና ውጤቱ የስትሪፑ ጠርሙስ ላይ በተጻፈው ክልል ውስጥ መውደቁ ይታያል። ማሽኑን ስትገዛ አብሮ ካልመጣ ፋርማሲውን ጠይቅ። ጥቅሙ ስትሪፑ ተበላሽቶ እንደሆነ መንገሩ ነው፣ ከላብራቶሪ ጋር መስማማቱን ግን አይነግርህም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለኔ ከ148ና ከ171 ክርክር ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ታችኛው፣ ማለትም ስኳር ሲያንስ ነው። እውነተኛው ስኳር 70 ሲሆን ማሽኑ 85 ሊል ይችላል፣ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ እናትህ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስድ ከሆነና ላብ ላብ ካላት፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታባት፣ ማሽኑ 82 ቢልህም ከማሽኑ ጋር አትሟገት። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ አጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቀህ እንደገና ለካ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አታድርግ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጥ።

ጥያቄ፦ ወንድማችን ከለንደን ለአባታችን አዲስ ማሽን ላከ። መጀመሪያ ስንለካው 8.9 አለ። አባባ በድሮው ማሽን ሁሌ 150፣ 160 ነበር። «ስኳሩ አለቀ!» ብለን ደንግጠን ለስላሳ አጠጣነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ 13.4 ሆነ። አሁንም በጣም ዝቅ ያለ መስሎን ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ እዚያ ሲለካ 250 ገደማ ነው አሉን፣ ሐኪሙም ተቆጣን። የተላከልን የተበላሸ ማሽን ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። የተለያያችሁት በቋንቋ ነው። እኛ አገር፣ አሜሪካም፣ እስራኤልም ስኳር የሚቆጠረው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። እንግሊዝና ካናዳ ግን በሚሊሞል በሊትር ይቆጥራሉ። ሚሊሞሉን በ18 ስታባዢው የኛው ቁጥር ይመጣል። 8.9 ማለት 160 ነው፣ አባባ እንደ ወትሮው ነበር። 13.4 ደግሞ 241 ነው፣ እሱም የለስላሳው ሥራ ነው። እንደውም ማሽኑ ከሐኪም ቤቱ ጋር ተስማምቷል።

ነጥብ ያለው ቁጥር ስታዩ «ሚሊሞል» በሉ። እዚያ የሚሸጡ ብዙ ማሽኖች በዚያ መለኪያ ተቆልፈው ስለሚመጡ ቅንብሩን ፈልጌ እቀይረዋለሁ ብለሽ አትድከሚ። ይልቅ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈሽ ማሽኑ ሳጥን ላይ ለጥፊ፦ 3.9 ማለት 70፣ 5 ማለት 90፣ 7 ማለት 126፣ 10 ማለት 180፣ 14 ማለት 252። ከ3.9 በታች ሲሆን ነው ለስላሳው የሚያስፈልገው።

ለወንድምሽም፣ ለሌሎቻችሁም ውጭ አገር ላላችሁ፣ የምለው አለኝ። ከመላካችሁ በፊት እዚህ ስልክ ደውላችሁ «ሰፈራችሁ ፋርማሲ የየትኛው ማሽን ስትሪፕ አለ?» በሉ። ስትሪፕ የሌለው ማሽን ጥይት የሌለው ጠመንጃ ነው፣ ስትሪፑ ደግሞ ከሌላ ማሽን ጋር አይሠራም። ስንቱ ቤት መሳቢያ ውስጥ አንድ ጠርሙስ አልቆበት የተኛ ቆንጆ ማሽን አለ! ከዚህ በላይ የምፈራው ርካሽ ተብሎ ከግለሰብ የሚገዛውን ስትሪፕ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው የተረፈውን ስትሪፕ በኢንተርኔት ይሸጣል፣ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለ ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ስትሪፕ እንዳይገዛ አስጠንቅቋል። የት እንደተቀመጠ፣ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ቀኑ ተፍቆ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ መተማ ነው የምኖረው። ስትሪፕ የማስመጣው ሰው ጎንደር ሲሄድልኝ ነው። ለጎረቤቴም ስኳር ስላለበት ግማሹን በወረቀት ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። ጠርሙሱ የሚቀመጠው መስኮት ሥር ነው፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። የሱም የኔም ውጤት አንዴ 90፣ አንዴ 240 ይላል፣ አንዳንዴ ጭራሽ የስህተት ምልክት ያወጣል። ፍሪጅ ይሻለን ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደግነትዎ ነው የጎዳችሁ። የስትሪፑ ጫፍ ላይ ኢንዛይም ተቀብቷል፣ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። ጠርሙሱ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ውስጡም እርጥበት የሚመጥ ነገር ይዞ የሚሠራው ለዚህ ነው። በወረቀት የተጠቀለለው የጎረቤትዎ ስትሪፕ በማግሥቱ ሊበላሽ ይችላል። ገንዘብ አዋጥታችሁ ግዙ፣ ግን ጠርሙሱ አንድ ቦታ ይቀመጥና ለመለካት እሳቸው እርስዎ ዘንድ ይምጡ፣ ቡናም ትጠጣላችሁ፣ ከተለካ በኋላ።

አብዛኞቹ ስትሪፖች ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጡ ተብሎ ተጽፎባቸዋል። መተማ በበጋ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ያውም መስኮት ሥር፣ ምን ያህል እንደሚሆን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለውን ጥግ ይፈልጉ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ከምድጃና ከፀሐይ የራቀ። ፍሪጅ ግን አይሆንም፣ መመሪያው ካልፈቀደ በቀር። ከፍሪጅ ወጥቶ በዚያ ሙቀት ሲከፈት ጠርሙሱ ውስጥ ጤዛ ይቋጥራል። ኢንሱሊን ውሃ በተረጨ ሸክላ ውስጥ የሚያቀዘቅዙ ሰዎች አሉ፣ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ስትሪፑን ግን አብረው አይክተቱት።

ማሽኑም ቢሆን ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ብዙውን ጊዜ እምቢ ብሎ የስህተት ምልክት ያወጣል። ያ ጨዋ ማሽን ነው። ክፉው ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር የሚሰጠው ነው። በማለዳ ወይም ሲመሽ ይለኩ። ጠርሙሱን የከፈቱበትን ቀን ላዩ ላይ ይጻፉበት፣ ከተከፈተ በኋላ በሦስት ወይም በስድስት ወር የሚያልቅ አለና። አሁን ያለውን ጠርሙስ ግን፣ ገንዘብዎን እያወቅኩ ነው የምለው፣ ይጣሉት። 90ና 240 እያለ ኢንሱሊን ከሚያስጨምርዎ ባይለኩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ለክቼ 132፣ 147፣ 125 አለኝ። የቱ ነው ልክ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሦስቱም። ሦስቱም 135 አካባቢ ነህ እያሉህ ነው፣ በዚህ የተነሳ መድኃኒትም አትቀይር፣ ስትሪፕም አታባክን። ልዩነቱ ከዚህ ሲሰፋ መጀመሪያ ጣትህን ጠርጥር። እኛ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን፣ ማርም፣ ማንጎም፣ የሻይ ስኳርም ጣት ላይ ይቀራል። እኔ አንድ ቀን ብርቱካን ልጬ ልጄን ለማሳየት ጣቴን ስወጋ 280 አለኝ፣ ስኳር የለብኝም እኮ! በሳሙና ታጥቤ ስለካ 96። አልኮል መጥረጊያ ጣትን ያጸዳል ብለህ አትታመን፣ የፍራፍሬ ስኳርን በደንብ አያነሳም። ውሃ ከሌለህ የመጀመሪያውን ጠብታ ጠርገህ ሁለተኛውን ተጠቀም። ጣትህንም እንደ ሎሚ አትጭመቀው፣ የሥጋ ፈሳሽ ከደሙ ጋር ይወጣና ያቀጥነዋል። እጅህን በሞቀ ውሃ ታጥበህ ዝቅ አድርገህ ብታንጠለጥለው ደሙ ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ስኳሬ (ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ) 8.5 በመቶ ሆኖ መጣ። ማሽኔ ግን በየጠዋቱ ከ115 እስከ 130 ነው የሚለኝ። ሐኪሙ «ማሽንሽ ይዋሻል» አለኝ። ብቀይረው ይሻላል? (ከዱባይ)

መልስ፦ ሳትቀይሪው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከጠዋት ውጭ ለክተሽ ታውቂያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ አታውቂም። 8.5 ማለት ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት ስኳርሽ በአማካይ 197 ገደማ ነበር ማለት ነው። 8 ቢሆን 183፣ 7 ቢሆን 154። አማካይ ሲባል ምሳውንም፣ ራቱንም፣ ሌሊቱንም ይጨምራል። አንቺ የምታዪው በቀን ውስጥ ስኳርሽ ምናልባት ጨዋ የሚሆንበትን አንዷን ሰዓት ብቻ ነው፣ እንደ እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደሚጸዳ ሳሎን። ለሁለት ሳምንት ሰዓቱን እያፈራረቅሽ፣ አንድ ቀን ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሌላ ቀን ከራት ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሌላ ቀን ልትተኚ ስትይ ለኪ። በጎኑም የበላሽውን ጻፊ። 220፣ 250 ካገኘሽ ማሽኑ ነጻ ወጣ፣ ችግሩ ሩዙ ወይም መድኃኒቱ ነው።

በሁሉም ሰዓት 120 እያለ ከቀጠለ ግን ሁለት ነገር ይቀራል። ማሽኑን ቅድም ለጉለሌው ወንድማችን በነገርኩት መንገድ ከላብራቶሪ ጋር ማፋጠጥ፣ እና ደምሽን መመርመር። የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ የሦስት ወሩን ውጤት ያለአግባብ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ያኔ የዋሸው የሦስት ወሩ ምርመራ ነው።

ጥያቄ፦ ደም ማነስ አለብሽ ተብያለሁ፣ ነፍሰ ጡርም ነኝ። የቤቱን ማሽን ይነካዋል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይነካዋል። ቀይ የደም ሴል ሲያንስ ብዙ ማሽኖች ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ያነባሉ፣ ሲበዛ ደግሞ ዝቅ። በመመሪያው ወረቀት ላይ «ሄማቶክሪት» (ከደም ውስጥ የቀይ ሴል ድርሻ) የሚል ቃል ፈልጊና ማሽኑ የሚሠራበትን ክልል ከራስሽ ውጤት ጋር አስተያዪው። ከክልሉ ውጭ ከሆንሽ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ በእርግዝና ላይ በተሳሳተ ቁጥር ኢንሱሊን መጨመር ቀልድ አይደለም። እዚያው ወረቀት ላይ የከፍታ ገደብም ይጻፋል። አንዳንድ ስትሪፖች ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም ስለሚሠሩ ደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሲቀንስ ከፍ አድርገው ያነባሉ። ብዙዎቹ እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ተፈትነዋል፣ ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ነው፣ ግን የራስሽን ማሽን ወረቀት አንብቢ።

ጥያቄ፦ እኔም ባለቤቴም ስኳር አለብን። አንድ ማሽን ለሁለት ብንጠቀም ውጤቱ ይዛባል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቁጥሩ አይዛባም፣ ማሽኑ የማን ጣት እንደሆነ አያውቅም። ችግሩም ይኸው ነው። ማስታወሻው ውስጥ የሁለታችሁ ውጤት ይቀላቀልና የ14 ቀኑን አማካይ ሐኪሙ ሲያየው ለማን መድኃኒት እንደሚጨምር ግራ ይገባዋል፣ ስለዚህ ሁለት ደብተር ያዙ። ቢቻል ማሽኑም ለየብቻ ቢሆን ይመረጣል፣ ደም ይነካዋልና። መውጊያዋን ግን፣ መርፌዋንም እስክሪብቶ የምትመስለውንም፣ ባልና ሚስት ብትሆኑም በጭራሽ አትዋዋሱ። የጉበት ቫይረስ የሚተላለፈው በማይታይ ጠብታ ነው።